ዕጣን ያልጨሰበት ሰርግ

የደረቅ ሣር ቃጠሎ ሽታ በመጣ ቁጥር፣ ከየትም ይምጣ፣ ከእኔ ቀድሞ ደረቴ ጅጅጋን ያስታውሳል። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤታችን የግቢውን ሣር አጭዶ ሲያቃጥል ሽታው በመስኮት ገባና፣ ሳላስበው ተነሥቼ መስኮቱን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ ጅጅጋ ሲመደብ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም። እናቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ትሠራ ነበር። የምንኖረው በቆርቆሮ በተከደነች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሲሆን፣ ግቢውን የግመል ወተት ከሚነግዱት ከኤዶ ሀሊማ ጋር እንጋራ ነበር። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደዚያ ስለሚጠራቸው እኔም ሌላ ስም አላውቅላቸውም። እሳቸው ደግሞ ልክ ልጆቻቸውን እንደሚያቆላምጡት እኔንም «ሆዮ»፣ እናትዬ እንደ ማለት፣ ይሉኝ ነበር።

ዝናብ ሲጥል ከከተማው ውጪ ያለው ሜዳ በጥቂት ቀን ውስጥ አረንጓዴ ለብሶ፣ ሣሩ እያደገ ወገቤ ድረስ ይደርስና፣ ከኤዶ ሀሊማ ሴቶች ልጆች ጋር እየሮጥን፣ እየወደቅን፣ ጭቃ ለብሰን እንመለስ ነበር። በዚያ ወቅት አስም እንዳለብኝ የሚያስታውስ አልነበረም፤ እኔም እረሳው ነበር። አባቴ በየዓመቱ «ይቺ ልጅ ድናለች እኮ» ሲል፣ እናቴ «እስቲ ጂላል ይምጣና እናያለን» ትለው ነበር። ጂላል ሶማሌዎች ረጅሙን ደረቅ ወቅት የሚጠሩበት ስም ነው።

ጂላል ሲመጣ ያ የሮጥንበት ሣር ደርቆ ቢጫ ይሆንና፣ በአንድ በኩል ማሳ የሚመነጥር ሰው የለኮሰው፣ በሌላ በኩል መንገደኛ ሻይ አፍልቶ ሳያጠፋው የሄደው እሳት በነፋስ እየተገፋ ሜዳውን ይያያዘው ነበር። በካራማራ ተራራ በኩል የተነሣው ጭስ ጠዋት ጠዋት ከተማው ላይ ሲተኛ፣ ፀሐይዋ እንደ ቲማቲም ቀልታ ትወጣለች፤ የታጠበው ልብስ ሁሉ ጭስ ጭስ ይሸታል። ደረቴ ማፏጨት ሲጀምር እናቴ ከእኔ ቀድማ ትሰማው ነበር። አንሶላ በውሃ ነክራ በመስኮቱና በበሩ ላይ ትሰቅልና፣ ክኒኔን በለብ ያለ ውሃ አስውጣኝ፣ ትራስ አስደግፋ ታስቀምጠኝ ነበር። አባቴ በበኩሉ «ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዢ ከንፈርሽን ሰብስበሽ ቀስ ብለሽ ንፊ» እያለ ያስተምረኛል። የኤዶ ሀሊማ ልጆች ይህን ስለወደዱት እኔን ሊጠይቁ ሲመጡ በሰልፍ ተቀምጠው አብረውኝ ይነፉ ነበር፤ ከዚያ አንዷ ትስቅና ሁላችንም እንስቃለን፣ ሳቁ ሳል ይሆንብኛል፣ እናቴም ተቆጥታ ታስወጣቸውና ሳስቸግራት መልሳ ትጠራቸዋለች።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ጂላል የኤዶ ሀሊማ ታላቋ ልጅ ፋዱማ ልታገባ ሆነ። ለሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሜዳው ተቃጠለ፤ እንደዚያ ያለ ጭስ ከዚያ በፊት አላየሁም። ከሀርሺን ለሰርጉ የመጡት ዘመዶች ደግሞ እንደ ወጉ የሙሽሪትን ልብስና ፀጉር የሚያጥኑበትን ዕጣንና የሸክላ ማጨሻ ይዘው ነበር። ኤዶ ሀሊማ ከእያንዳንዳቸው እየተቀበሉ ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። አንዲት አክስት ተከፍተው፣

«ያለ ዕጣን ምን ሰርግ ይባላል፣ ሀሊማ?» አሉ።

«ጭስ ከፈለግሽ አገሩ ሁሉ እያጨሰ ነው፤ ደጅ ውጪና ታጠኚ» አሉ ኤዶ ሀሊማ። «እዚህ ግቢ ግን ደረቷ የሚያማት ልጅ አለችኝ።»

የሰርጉ ዕለት ከሰዓት በፊት አባቴ ከሌሎች አስተማሪዎች ጋር እሳቱን በቅጠል ሊያጠፋ ሜዳ ወርዶ ነበር። እኔ ለጭፈራው የተሰፋልኝን ቀሚስ ለብሼ ተቀምጬ ሳለ ደረቴ ጥርቅም አለ። ክኒኑ ምንም አልሠራም። ሻይ የማቀዝቀዙን ነገር ብሞክረው የማወጣው ትንፋሽ አጣሁ፤ ትከሻዬ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አየር አይገባም። እናቴ «እማዬ» ለማለት ስሞክር ቃሉን መጨረስ እንዳቃተኝ አይታ፣ አቅፋኝ በባዶ እግሯ ወጣች።

በሩ ላይ የቆመው መኪና አንድ ብቻ ነበር፤ የሙሽሪት አጎት በባለ ቀለም ሻሽ ያስጌጡት አሮጌ ላንድሮቨር። ፋዱማ ጌጧን ለብሳ ገብታበታለች፤ ሙሽራው ደግሞ በቤቱ ይጠብቃታል። እናቴ እኔን እንዳቀፈች መኪናው በር ላይ ደረሰች። ፋዱማ አንዴ አየችኝና ወደ ጥግ ተጠጋች።

«አምጪያት፣ እዚህ አስቀምጫት» አለች። «አጎቴ፣ ወደ ሆስፒታል ንዳው። እኔ ማታም ነገም አገባለሁ።»

እናቴ፣ እኔ፣ ሙሽሪትና ኤዶ ሀሊማ ተጠጋግተን ሄድን። አጎትየው መንገድ ለማስለቀቅ ጡሩምባ በነፉ ቁጥር፣ ያጌጠውን መኪና ያየ ሁሉ እልል ይል ነበር፤ ልጆች እያጨበጨቡ ተከተሉን። እናቴ እያለቀሰች ነበር፤ ቢሆንም እልልታው ሲበዛ ሳቋ መጣባት።

በሆስፒታሉ ተረኛ የነበሩት የሕክምና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ በመነጽራቸው ላይ አሻቅበው አይተውን «ታማሚዋ የትኛዋ ናት?» ሲሉ ትዝ ይለኛል። ወዲያው ግን ትንፋሼን ሰምተው ዋዛውን ተዉ። መርፌውን በደም ሥሬ ቀስ እያሉ ሲሰጡኝ ፋዱማ እጄን ይዛኝ ነበር፤ ሂና የተሳለበት እጇ ላይ ያሉትን አበቦች ዓይኔ እያየ፣ እሷ ሻይ ታቀዘቅዛለች፣ እኔ እከተላታለሁ። በመጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ተለቅ ያለ አየር ገባልኝ። በዚህ መሐል ሙሽራው ሚስቱ ሆስፒታል ገባች ሲባል ሰምቶ፣ ከነሱፉ ሮጦ እያለከለከ በሩ ላይ ደረሰ።

«ይሄኛውም አስም አለበት?» አሉ ድሬሰሩ።

ከሰዓት በኋላ ሻል ብሎኝ ተመለስን። ሴቶቹ ቡራምቡሩን፣ ከበሮ እየመቱ የሚጨፍሩበትን ግጥም፣ ዳስ ውስጥ ማድረጉን ትተው እርጥብ አንሶላ በተሰቀለበት ቤታችን አደረጉት። በዕጣኑ የተከፉት የሀርሺኗ አክስት ሳይቀሩ ግጥም አወጡ፤ ኤዶ ሀሊማ ተርጉመው ሲነግሩን «ሀሊማ ዕጣኗን ቆልፋ፣ ቤቷን በልጅ ትንፋሽ አወደችው» የሚል ነበር። ፋዱማም እንዳለችው ማታውኑ ወደ ሙሽራው ቤት ሄደች። አባቴ ጥላሸት መስሎ ሲመጣ እናቴ ልብሱን ቀይሮ ካልታጠበ አላስገባም ስላለችው፣ የሆነውን ሁሉ በር ላይ ቆሞ ሰማ። ሲጨርሱለት ታጥቦ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከሳምንታት በኋላ ዝናቡ መጣና ጥቁሩ ሜዳ ከበፊቱ ይልቅ አረንጓዴ ሆነ።

ዛሬ ልጄም አስም አለባት። ቦርሳዋ ውስጥ የምትስበው መድኃኒት አለ፤ ሁለቴ ሳብ ታደርግና ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች፣ ጎረቤት ቀርቶ አባቷም ሳያውቅ ያልፋል። የቱ ይሻላል ብትሉኝ የሷ ይሻላል፤ እናቴ በባዶ እግሯ የወጣችበትን ቀን ለማንም እናት አልመኝም። ብቻ ልጄ አንዳንዴ «ያኔ ፈርተሽ ነበር?» ትለኛለች። ስለ ፍርሃቱ ልነግራት እጀምርና፣ ሳላውቀው ስለ ሰርጉ እያወራሁ እጨርሳለሁ።