አርቪያችን ውስጥ የሸተተው ጋዝ

ሰው ውሻ ይፈራል፣ ፖሊስ ይፈራል፤ እኔ የምፈራው የገዛ ቤቴን ነው። ቤቴ ጎማ አለው። ኦክላንድ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የገዛሁት አሮጌ አርቪ ነው፤ ከፊት መኪና፣ ከኋላ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ። ሄይዋርድ የሚኖሩ አንዲት ኤርትራዊት እናት ጓሯቸው ውስጥ እንዳቆመው ፈቀዱልኝ። እትዬ ነው የምላቸው። "ልጄ፣ ድምፅ ብቻ እንዳታሰሚ፤ ጎረቤት ለከተማው ኮል ካደረገ አለቀልን" ብለውኛል። ጓሮ ውስጥ አርቪ ላይ መኖር በሕጉ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ድምፅም እፈራለሁ።

አሮጌ አርቪ ያለው ሰው ጆሮው ቆሞ ነው የሚያድረው። ዝናብ ሲመጣ እኔ የማየው ጣሪያውን ነው፤ አንዴ በስፌቱ በኩል ውሃ ገብቶ ግድግዳው እንደ ራሰ ዳቦ ለስልሶብኝ ነበር። የውሃው ፓምፕ ያለ ምክንያት ጉርርር ሲል ከእንቅልፌ እባንናለሁ። መካኒክ ጋ ስደውል፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ይጠይቁኝና "ሶሪ" ብለው ይዘጉታል። ስለዚህ ሁሉንም ራሴ እጠግናለሁ፤ ቪዲዮ እያየሁ፣ እየተሳደብኩ።

ከሁሉ የምፈራው ግን ጋዙን ነው። ምድጃው የሚሠራው በፕሮፔን ነው። ሲሊንደሩ በውጭ በኩል ከትንሽ በር ጀርባ ተቀምጧል፤ ቱቦው በወለሉ ስር ዞሮ ይገባል። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወለል ላይ ይተኛና እሳት ይጠብቃል። ለዚህ ብዬ ከአልጋው ስር፣ ጋዝ ሲሸተው የሚጮህ አላርም ገጥሜያለሁ።

እዚህ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ እናቴ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው። እኔ ማታ ማታ መጋዘን እሠራለሁ፤ ጠዋት ስገባ እሷ ከአልጋው ተነስታ ትለቅልኛለች። እማዬ ጎህ ሲቀድ ዳዊት ትደግማለች፤ ያለ ጧፍ ደግሞ አይሆንላትም። በባትሪ የሚበራ ሻማ ገዛሁላት። አገላብጣ አየችውና "ይሄን ለራስሽ አብሪው" አለችኝ። ተጨቃጨቅን፣ ተኮራረፍን፤ በመጨረሻ ሩዝ የሞላበት ብርጭቆ ላይ ተክላ፣ መስኮት ከፍታ እንድታበራ ተስማማን። ተሸነፍኩ ማለት ነው። እናቱን ያሸነፈ ማን አለ?

መጀመሪያ ሰሞን ያየችውን ሁሉ ትነግረኝ ነበር። ይሄ ይንጠባጠባል፣ ያ ይንቋቋል። እኔም የሥራ ልብሴን ሳልቀይር መኪናውን በክሪክ ከፍ አድርጌ ከስሩ እጋደም ነበር። በኋላ ግን መናገሩን ተወችው። "እማዬ፣ ሁሉ ደህና ነው?" ስላት "ደህና ነው፤ ምን ይሆናል?" ትለኛለች። እኔ ሞኟ፣ ጥገናዬ ሰመረ ብዬ ደስ አለኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አንድ ጠዋት ከሺፍት ወጥቼ፣ ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ጓሮው ስታጠፍ፣ ገና በሩ ጋ ሳልደርስ ሸተተኝ። የበሰበሰ እንቁላል የመሰለው የጋዝ ሽታ። ወደ በሩ ሮጥኩ።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በመስኮቱ ሳይ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ምሥራቅ ዞራ ቆማለች። ጧፉ ብርጭቆው ላይ ተተክሏል፤ ክብሪቱ እጇ ላይ ነው።

"እማዬ! እንዳትጭሪ!"

ጸሎት ላይ ከሆነች ሰው አታናግርም። ሳትዞር መዳፏን ወደ እኔ ዘርግታ "ቆይ" አለችኝ በምልክት። ከዚያ የክብሪቱን ቤት ገፋ አድርጋ ከፈተች።

ሲሊንደሩን ልዝጋ? ብዘጋውስ፣ ወለሉ ላይ የተኛውን ምን ላደርገው ነው? ልደውልላት? ስልኩ ራሱ ብልጭ ቢልስ? እውነቱን ልናገርና፣ መሸሽም አሰብኩ። እግሬ ወደ ኋላ ሄዷል። እናቴ እዚያ ቆማ የኔ እግር ወደ ኋላ ሄደ! ከዚያ በኋላ ያለው የሚታወሰኝ በቁርጥራጩ ነው። ክንዴን እስከ ትከሻዬ በተከፈተው መስኮት ከተትኩ። ነጠላዋን ጨበጥኩና ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት። ክብሪቱ ወለሉ ላይ ተበተነ።

"ኧረ በስመ አብ! ምን ነካሽ? አበድሽ እንዴ?"

"ውጪ! በማርያም ውጪ! መብራት እንዳትነኪ፣ ምንም እንዳትነኪ!"

ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወጣች። እየጎተትኩ ወደ መንገዱ ወሰድኳት፤ እትዬንም በሩን ደብድቤ አስወጣኋቸው። ተመልሼ ሲሊንደሩን ስዘጋ ቁልፉ ወዴት እንደሚዞር ጠፋኝ። እሳት አደጋ ይጠራ ያሉት፣ ያው ድምፅ እንዳታሰሚ ያሉኝ እትዬ ናቸው። ቀዩ መኪና እየጮኸ መጣ፤ ሰፈሩ ሁሉ በፒጃማ ወጣ። ሰዎቹ በመሣሪያ ቼክ አደረጉ፣ አናፈሱት፤ ቱቦው ሳይቀየር ጋዙ እንዳይከፈት አስጠንቅቀውን ሄዱ።

ስንመለስ መጀመሪያ ያየሁት ከአልጋው ስር ነው። አላርሙ የለም። ፍራሹን ሳነሳ በጋቢ ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ ሽቦው ተነቅሏል።

"ሰሞኑን ሌሊት ጮኸብኝ" አለች እማዬ፣ መሬት መሬት እያየች። "እትዬን እንዳይቀሰቅስ ብዬ ነቀልኩት።"

"ሽታውስ?"

"ሸቶኛል። ሌሊቱን መስኮት ከፍቼ አድራለሁ፤ አንቺ ስትመጪ ሽታው ይጠፋል።"

ለካ እማዬ የምታውቀው የከሰል ጢስን ነው። ከሰል ካፈነሽ መስኮት ትከፍቻለሽ፤ ያልፍልሻል። ይሄኛው ግን ከመስኮቱ በታች ተኝቶ፣ እሷ ከላዩ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ታድር ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከላዩ ጧፍ ታበራ ነበር! ይህን ሳስብ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አልኩ። ከዚያ ጮኽኩባት።

"ለምን አልነገርሽኝም? ትሞቺ ነበር እኮ!"

"ብነግርሽ ከስሩ ትገቢያለሽ" አለች። "ይሄን የሚያህል ብረት በዚያች ሚጢጢ ክሪክ አንጠልጥለሽ ትጋደሚያለሽ። ለኔ የሚታየኝ እግርሽ ብቻ ነው። በገባሽ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። እና ሆድ ይፍጀው አልኩ። እኔ እንደሁ ኖሬያለሁ።"

እኔ ለእሷ ስፈራ፣ እሷ ለእኔ ስትፈራ፣ ልንተላለቅ ነበር። ልቆጣትም ላቅፋትም ፈለግኩ፤ አንዱንም ሳላደርግ አዲስ ቱቦ ልገዛ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ክሪኩን አስገባሁ፤ ከጎኑም የብረት ድጋፍ አቆምኩ፤ መኪናውን በትከሻዬ ገፋ ገፋ አድርጌ ሞከርኩት። እማዬ በሩ ጋ ቆማ ታየኛለች። "ሌላ ሰው ይሥራው፣ አፈር ስሆንልሽ" አለች። ሌላ ሰው የለም። በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ። አሮጌው ቱቦ ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ሳስቶ ተሰንጥቋል። መፍቻውን እንዳነሳሁ የሆነ ነገር ቁርጭምጭሚቴን ጨመደደኝ። ደንግጬ ስነሳ ግንባሬን ብረቱ መታኝ። እማዬ ናት፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እግሬን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

"እማዬ፣ ልቀቂኝ፤ ልሥራበት!"

"አለቅም።"

"ቢወድቅ ምን ልታደርጊ ነው?"

"እጎትትሻለሁ።"

ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት እንኳን እኔን ውሃ የሞላ ጀሪካን አትጎትትም። ቀና ብዬ ከላዬ ያለውን ብረት አየሁት፤ ስንት ጊዜ ከስሩ ገብቼ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም፣ አሁን ግን ሲወርድብኝ ታየኝ። መፍቻው ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ።

"እማዬ" አልኩ።

"ወዬ።"

"እንዳትለቂኝ።"