ጥንቁቋ ፀጉር ሠሪና የውሰት ክኒን

ሰፈሩ ፀጉር ሠሪዋን «ጥንቁቋ» ይላታል። ቀለም ልትቀባ የመጣችን ሴት ሁሉ በመጀመሪያ ከጆሮዋ ጀርባ አንድ ጠብታ ታደርግላትና «ነገ ተመለሺ፤ ካላሳከከሽ እቀባሻለሁ» ብላ ትሸኛታለች። ነገ ሠርጌ ነው ብላ ያለቀሰች ሙሽራ እንኳ ሳትሞከር አልተቀባችም።

ሃምሳን ስትሻገር የወር አበባዋ ቀረና በምትኩ እሳት መጣባት። ደንበኞቿ ነጠላ ደርበው ሲቀመጡ እሷ ፊቷን በፎጣ ትጠርጋለች።

«ይሄማ ቀላል ነው» አሉ ጡረተኛዋ አስተማሪ፣ የዘመናት ደንበኛዋ። ከቦርሳቸው የሆርሞን ክኒን አወጡ። «እይኝ እስቲ፣ ልጃገረድ አልመስልም?»

«ሐኪሙ ያዘዘው እኮ ለእርስዎ ነው።»

«ታዲያ አንቺ ወንድ ነሽ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ክኒኑ ተዋጠ። ከጆሮ ጀርባ የሞከረው የለም።

እሳቱ ጠፋ፣ እንቅልፏም ተመለሰ። የአስተማሪዋ ሲያልቅ ራሷ እየገዛች ቀጠለች። ብዙም ሳይቆይ ግራ ባቷ አበጠ፤ ሲነኩት ይሞቃል፣ ስትረግጥ ያማታል።

«ቀኑን ሙሉ መቆም ነው» አለች።

ታናሽ እህቷ ቀሚሷን ገለብ አድርጋ አየች። «ሁለቱም እግርሽ እኮ አብሮ ነው የሚቆመው። አንዱ ብቻ ምን ሆኖ ነው የሚያብጠው?»

ጥንቁቋ ነጠላዋን አንሥታ ሐኪም ቤት ሄደች።

ሐኪሟ ባቷን በማሽን አየችው። ደም ረግቷል። «ወደ ሳንባ ሳይሄድ ደረሱ» አለች። «በቤተሰብ እንዲህ የታመመ አለ?»

«እናቴ በዚሁ ነው የሞተችው።»

«ክኒኑ ለብዙ ሴት ይስማማል። ግን ይህን ጠይቀን ነው የምንሰጠው። ያዘዘልዎ ሰው አልጠየቀዎትም?»

ጥንቁቋ ወለሉን አየች። «አስተማሪ ናቸው» አለች።

ክኒኑ ቀረ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ተተካ። እሳቱም ተመለሰ። ሥራ የገባች ዕለት ላቧን እየጠረገች የሆነውን ሁሉ ለደንበኞቿ ነገረቻቸው። አስተማሪዋ ድንገት መስኮቱ አማራቸው፤ ውጭ ውጭውን ያዩ ጀመር።

ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አንዷ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«እትዬ፣ የተረፈውን ክኒን የት አደረግሽው? እኔንም እኮ እሳቱ ፈጀኝ።»

«እናትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፤ ምነው?»

«እንግዲያው በዘራችሁ እግሩ ያበጠ፣ ደሙ የረጋ እንዳለ ጠይቂያቸውና ሐኪም ቤት ሂጂ። የተረፈውን እዚያው መልሻለሁ።»

ሴትዮዋ አኮረፈች። «እሺ፣ ቀለሙንስ ዛሬ ትቀቢኛለሽ?»

ጥንቁቋ ከጆሮዋ ጀርባ ጠብ አደረገችላት።

«ነገ ተመለሺ።»