የስልኩ ድምፅ ሲያንስ

አቃቂ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ሳለሁ፣ ከናዝሬት እስከ እኛ ድረስ ያሉት ጣቢያዎች የሚነጋገሩት በአንድ የስልክ መስመር ነበር። ሁለት ሰው ሲያወራ ሌላው እጀታውን አንስቶ መስማት ይችላል። አንድ ጆሮ በተጨመረ ቁጥር ግን የተናጋሪው ድምፅ ያንሳል። የጣቢያ ሰዎች ሁላችንም ይህን እናውቃለን፤ ጨዋ ነን የምንለውም ስናዳምጥ ኖረናል።

ባለቤቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከተጋባን ሰባት ዓመት ቢሆነንም ልጅ አልነበረንም። እናቱ "ይቺ በቅሎ" ከማለት በቀር በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። በመጨረሻ ወሬው አቃቂ እንዳይሰማ ብለን ናዝሬት ሄደን ተመረመርን። ሐኪሙ፣ "የበሽተኛ ምስጢር ባወጣ ሕግ ይጠይቀኛል" ብሎ ውጤቱን በታሸገ ፖስታ እንደሚሰጠን ነገረን። ሕጉ ሐኪሙን አስሮ ይዞታል፤ ስልኩን ማን አስቦት።

ውጤቱን ሊቀበል ባለቤቴ ብቻውን ሄደ። ቤት እስኪደርስ አልቻለም፤ ፖስታውን ቀዶ ከናዝሬት ጣቢያ ደወለልኝ።

"ሰማሽ? ካንቺ አይደለም" አለኝ።

ድምፁ ቀነሰ። አንድ ሰው ገባ ማለት ነው።

"ታዲያ?" አልኩት።

አሁንም ቀነሰ። ሁለት ሆኑ። ዝጋው፣ ስትመጣ እናወራለን ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሰባት ዓመት የተሰደብኩበትን ነገር በጆሮዬ ልሰማው ፈለግሁ።

"ከኔ ነው" አለ። በጭንቅ ተሰማኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። የባቡሩ ተቆጣጣሪ ሲስቅ በእኛ የሚስቅ፣ ዝም ሲል ደግሞ የሰማ ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አማቴ ቅቤ ይዘውልኝ መጡ።

"ልጄ፣ እስቲ አረፍ በይ፣ ደክሞሻል" አሉኝ።

ልጄ አሉኝ። ባለቤቴ የጎረሰውን ሳያላምጥ አየኝ። ያኔ ስድባቸው ናፈቀኝ።

እንደወጡ፣ "ለማን ነው የነገርሽው?" አለኝ።

ለማንም ብዬ ማልኩለት። ስለ መስመሩ፣ ስለ ድምፁ አስረዳሁት።

"ድምፄ ሲያንስ ይታወቅሽ ነበር ማለት ነው?"

"ይታወቀኝ ነበር።"

አልጮኸም፣ አልተፋታንምም። እንደ ወትሮው ደህና ዋልሽ ይለኛል፣ ያቀረብኩለትን ይበላል። ስለ ራሱ ግን አንድም ነገር ነግሮኝ አያውቅም። ከዓመታት በኋላ ሳንባውን ሲታመም፣ መታመሙን የሰማሁት ከጎረቤት ነው።