ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀው ፎቶ

ጎረቤታችን በነጠላ የተጠቀለለ ፍሬም ታቅፈው ቢቸና ያለችው ኮፒ ቤቴ ሲገቡ ምን እንደያዙ አወቅሁ። እሳቸው ሳይወለዱ የሞቱት አባታቸው ፎቶ ነው፤ ሌላ የለም። አዲስ አበባ ያሉት የወንድማቸው ልጆች ፌስቡክ ላይ የዘመድ ገጽ ከፍተው «የአያታችንን ፎቶ ላኩልን» እያሉ ይወተውቷቸዋል።

ችግሩ፣ አንድ ክረምት ጣራው አፍስሶ ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቋል። ከእነዚሁ ልጆች አንዱ ለጥየቃ መጥቶ በምላጭ ሊያላቅቀው ሲሞክር የሟቹ ግራ እጅ ተልጦ ረገፈ። በስልክ ሲያነሱትም የሚያነሳው ሰው ራሱ መስታወቱ ላይ ይታያል። ከዚያ ወዲህ ፍሬሙ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ኖረ።

«ፊታቸውን እንዳትነካብኝ» አሉኝ።

«አላላቅቀውም። ከነመስታወቱ ነው የማስገባው።»

ስካነሬ ላይ ደፋሁት። ስክሪኑ ላይ የወጣው ጭጋግ ብቻ ነበር።

«ይኼ የአባይ ጉም ነው እንጂ አባቴ አይደሉም!»

ምክንያቱን ዩቲዩብ አይቼ፣ በራሴም ሞክሬ ደረስሁበት። እንደኔው ያሉ ስስ ስካነሮች ጥርት አድርገው የሚያዩት ገጻቸው ላይ የተለጠፈውን ብቻ ነው፤ ወረቀቱ የመስታወት ውፍረት ያህል ከፍ ካለ ይደበዝዝባቸዋል። የድሮዎቹ ወፍራሞች ግን ራቅ ያለውንም ያያሉ። አንድ እንዲህ ያለ ሞጣ ከተማ፣ አንድ ኮፒ ቤት ውስጥ አይቼ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ከወንበሬ ተነሳሁ።

«እትዬ፣ ሞጣ እንሂድ!»

ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ፍሬሙን አየና «እማማ፣ እቃው ከላይ ይጫን» አላቸው።

«አንተው ከላይ ተጫን!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ፍሬሙን ከጉልበታቸው ከፍ ያደርጉ ነበር፤ እንዲሁ እንዳሉ ሞጣ ደረስን።

የኮፒ ቤቱ ባለቤት ስለዚያ ስካነር ስጠይቀው ዞር ብሎ ወደ ጥግ አመለከተኝ። «እሱን? የሻይ ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ እኮ!» ብርጭቆዎቹን አነሳልን። የአባታቸው መሆኑን ነግሬው ፎቶውን ሲያይ ደግሞ «አባትዎ? ልጅዎ ነው የሚመስሉት» አለ።

«እኔ አረጀሁ፤ እሳቸው እዚያው ቀሩ» አሉ ጎረቤታችን።

የፍሬሙን ምስማሮች በፒንሳ ነቀልሁ። መስታወቱንና ፎቶውን አንድ ላይ አወጣሁ፤ ፎቶው ያልነካውን የመስታወቱን ገጽ በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ጠረግሁ። ገጹን ወደ ታች አድርጌ ደፋሁትና በጥቁር ጨርቅ ሸፈንሁት። ስካነሩን ከላፕቶፔ ጋር ሳገናኘው አቃሰተ፤ መብራቱ ከጨርቁ ሥር በዝግታ መሄድ ጀመረ። ምስሉ ከላይ ወደ ታች ይወርድ ነበር። መጀመሪያ ፀጉሩ መጣ፣ ከዚያ ግንባሩ፣ ከዚያ ዓይኖቹ። የኮቱ ቁልፎች ቀዳዳ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል! ከአፌ ብዙ ቃል የማይወጣው እኔ «ወጣ! ወጣ!» እያልሁ ጮህሁ።

ጎረቤታችን ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉና ሳይነኩት መለሱት። እርጥበቱ ያነጣውን የጉንጩንና የአፉን ዙሪያ ላፕቶፑ ላይ በጥቂቱ ሳጠቁረው ፈገግ ሊል የሚመስል አፍ ብቅ አለ።

«ይስቁ ነበር ማለት ነው?» አሉ። «እናቴ ይኼን አልነገረችኝም።»

«ፊታቸውን እናቅላው እንጂ» አለ ባለቤቱ፤ «ከጀርባውም አበባ እናድርግላቸው፣ እጃቸውንም ከሌላ ሰው እናምጣ።»

«የሰው እጅ ለአባቴ? ተወኝ!»

እኔም የፈለግሁት ምንም እንዳይጨመርበት ነበር። ትልቁን ፋይል እንዳለ አስቀመጥሁ። ከእሱ ሌላ ቅጂ አውጥቼ ጫፍ ጫፉን ቆረጥሁ፣ በስልክ ቶሎ እንዲከፈት መጠኑን አሳነስሁ። ሲያንስ ትንሽ ስለሚለሰልስ ዓይኖቹ አካባቢ እንደገና ጥራት ጨመርሁበት። የዘመድ ገጹ ላይ ለቀቅነው። የወንድማቸው ልጆች ወዲያው ደወሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያወሩ የተሰማን «አያታችን! አያታችን!» የሚለው ብቻ ነው።

ፎቶውን ወደ ፍሬሙ ስመልስ ጎረቤታችን እጄን ይከታተሉ ነበር።

«አሁን ይኼ ቢሰበርስ?»

«አይሰበር እንጂ፣ ቢሰበርም ፊታቸው አለ።»

ቢቸና ስንወርድ ነጠላውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውት ነበር። ፍሬሙን ፊቱን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ቤቴ በር ድረስ መጡና ቆሙ።

«ጠንካራ ምስማር አለህ? መዶሻውንም ይዘህ ና። ዛሬ ይሰቀላሉ።»