በእትዬ ዘይነባ ቴሌቪዥን ላይ የተነበበው ማመልከቻዬ

ነገሩ የሆነው አምና በሐምሌ ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ቴሌቪዥን የተሰቀለበት ምግብ ቤት ስገባ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። የሚያውቁኝ ሰዎች ኳስ የምጠላ ይመስላቸዋል።

የምሠራው ሰመራ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የምኖረው ግን ሎጊያ ነበር። ከእትዬ ዘይነባ ምግብ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። እትዬ ዘይነባ የወሎ ሰው ናት፤ ደንበኞቿ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ናቸው።

በዚያ ሰሞን ኮምቦልቻ ያለችው እናቴ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ውላለች። አብራት ያለችው ታናሽ እህቴ ብቻ ናት፤ እሷም ልትወልድ ተቃርባለች። የዝውውር መጠየቂያው ጊዜ ደግሞ ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ያበቃል። ማመልከቻው የሚላከው በኢንተርኔት ነው። ካመለጠኝ የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ነው።

ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ክፍሌ ውስጥ እንቆራጠጣለሁ። ማመልከቻው ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው የእናቴን የሐኪም ማስረጃ አያይዞ መላክ ብቻ ነው። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። እነሳለሁ፣ ስልኬን ከፍ አድርጌ በሩ ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። እንዲህ ስመላለስ ቆይቼ ሲደክመኝ አልጋው ላይ ዘጭ አልኩ። የተቀመጥኩት ላፕቶፔ ላይ ነበር።

ስከፍተው ይሠራል፣ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ግን ከጥግ እስከ ጥግ ጠቁሯል። የሎጊያ ኮምፒውተር ቤቶች ለጁምዓ ዘግተዋል። ቢሮ ብሄድም ጽሑፉ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነው። እንደ እብድ ታቅፌው ምግብ ቤቱ ገባሁ።

«እትዬ፣ ቴሌቪዥንሽን አንዴ ስጪኝ» አልኳት።

«ውሰጂው ልጄ» አለችኝ፤ ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም። ኳስ የሚያዩት ሾፌሮች ሲያጉረመርሙ ግን ዞር ብላ «የናቷ ጉዳይ ነው፤ ወላሂ አንድ ሰው እንዳይናገራት!» አለቻቸው።

ገመዱን ከሪሲቨሩ ነቅዬ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። ማመልከቻዬ ግድግዳው ላይ ቦግ አለ፤ አንዱ ፊደል የሽንኩርት ራስ ያክላል። ችግሩ ገመዱ አጭር ነው። ላፕቶፑን ቴሌቪዥኑ ሥር ያለው የለስላሳ ፍሪጅ ላይ አስቀምጬ እኔ በርጩማ ላይ ቆምኩ። አፍንጫዬ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ከዚያ ሆኜ ፊደል እንጂ ቃል አይታየኝም። ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ ስለጻፍኩት ደግሞ የተከፈተው የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም።

«ወንድሜ፣ እስቲ ከላይ ያለውን አንብብልኝ» አልኩት ከኋላ የተቀመጠውን ሽርጥ ያገለደመ ሾፌር።

«ጉዳዩ፦ ዝውውር ስለመጠየቅ» አለ ጮክ ብሎ። ድምፁ የዜና አንባቢ ነው።

«እሱ ነው፤ በቃ» አልኩት። እሱ ግን ሞቅ ብሎት ቀጠለ።

«በዚህ በረሃ አራት ዓመት ሙሉ ያለ ዘመድ፣ ያለ ወገን፣ ታምሜ ስወድቅ እንኳ ውሃ የሚያቀብለኝ አንድ ሰው ሳይኖር...»

ዞር ስል እትዬ ዘይነባ ትሪ ይዛ ከኋላዬ ቆማለች።

በዚያው ዓመት ወባ ጥሎኝ ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ ክፍሌ ውስጥ የተኛችው እሷ ናት። ሻርፗን ውሃ እየነከረች ግንባሬ ላይ ስታደርግ፣ ብርጭቆውን ከንፈሬ ላይ ስትይዝልኝ፣ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ስትለኝ ነው የነቃሁት።

የዝውውር ማመልከቻ ሲጻፍ እንዲህ ነው፤ ሁላችንም እንዲህ እንጽፋለን። እንባ ካልገባበት ማንም አያነበውም ይባላል። ስጽፈው እሷን ለመካድ ብዬ አልነበረም። ጭራሽ ትዝ አላለችኝም፤ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው። ፊደል ስለማትቆጥር፣ ሾፌሩ ባያነብላት ወር ሙሉ ግድግዳው ላይ ቢቆይም አታውቀውም ነበር።

«እትዬ፣ አሁን አጠፋዋለሁ» አልኳት። ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አልኩ።

ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። «አትንኪው» አለችኝ። «እናትሽ ዘንድ የሚያደርስሽ እሱ ከሆነ ይሂድ።»

ሾፌሩ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ወደ እኔ አላዞረም፤ የመላኪያው ምልክት የት ጋ እንዳለ ግን ከተቀመጠበት ነገረኝ። ኔትወርኩ ሲመለስ የሐኪሙን ማስረጃ አያያዝኩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ማመልከቻው ሄደ። ያቺን መስመር ሳልነካት ላክሁት። ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ዝውውሩ እንዳይበላሽብኝ ፈራሁ። ገመዱን ወደ ሪሲቨሩ መልሼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ምሳዬን እንደ ወትሮው ታቀርብልኛለች። ግን «ልጄ» አትለኝም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን እያልኩ ቆጠርኩ። ይቅርታ ልላት እጀምርና «ሰው አለ፣ በኋላ» ትለኛለች።

በነሐሴ ዝውውሩ ተፈቀደልኝ። የምሄድ ዕለት ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በመስኮት አቀበለችኝ። በረዶ የሆነ የሁለት ሊትር ውሃ ነበር።

«እንኪ ልጄ» አለችኝ። «ለናትሽ ስትነግሪያት ግን ውሃ የሚያቀብል ነበረኝ በያት። አላህ ያሽርልሽ።»

ሚሌ ደርሰን ወደ ባቲ ስንታጠፍ በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር። እንባዬ እየወረደ ታቀፍኩት እንጂ አልጠጣሁትም።

አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። እናቴ በግራ እጇ ብርጭቆ መያዝ ጀምራለች፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ የማቀብላት እኔ ነኝ። እትዬ ዘይነባ ያለችኝን እስካሁን አልነገርኳት። እነግራታለሁ እልና፣ ማመልከቻው ላይ ምን ጻፍሽ ብላ የምትጠይቀኝ ይመስለኛል።