የማፓሴካ ሁለት ክፍሎች

ደመናው ማሴሩ ከተማ ላይ ከብዶ ዝናብ ሊጥል ሲል ማፓሴካ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ወጥታ በአቋራጭ ወደ ቤቷ ትጣደፍ ነበር። አንድ ረድፍ ቤት አጥር ጋ ስትደርስ እግሯ ገታ አለ። የቤቱ ባለቤት ማሊፑዎ፣ ሰፈሩ እሜ ወይም እናቴ እያለ የሚጠራት፣ የተከራዮቿን ልብስ ከገመድ ላይ እያወረደች ነው። ተከራዮቹ ገና ከፈረቃ አልወጡም። ሴትዮዋ የትኛው የማን እንደሆነ ለይታ ታውቃለች፤ እያጣጠፈች በየበራቸው፣ ዝናብ በማይደርስበት በኩል አኖረችላቸው። እሷ ግን በስብሳ ነው የገባችው።

አከራይ ማለት በወር መጨረሻ በር የሚደበድብ ሰው ነው ብላ ስታምን ለኖረችው ማፓሴካ ያየችው ነገር እንግዳ ሆነባት። እንዲህ ከሆነማ እኔም እችላለሁ አለች በልቧ።

ባሏ ሲሞት ከፋብሪካዎቹ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ባዶ ቦታ ትቶላት ነበር። የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ንታቴ ወይም አባቴ የሚባለው ኮአባኔ፣ ከማዕድን ሥራ ተመልሶ በልስን የሚተዳደር ሰው፣ የወንድሜ መሬት ጦሙን ከሚያድር ለእኔ ይሰጠኝ እያለ የመንደሩ ሹም ዘንድ ይመላለሳል። ሹሟ ነገሩ ሲሰለቻት ቁርጡን ተናገረች፤ የእርሻ ወቅት እስኪገባ ቤት ከቆመበት የማፓሴካ ነው፤ ካልቆመበት ኮአባኔ ይውሰደው።

ማፓሴካ እሁድ ከጸሎት በኋላ ማሊፑዎ በር ላይ ተገኘች። ማሊፑዎና ሌሎቹ የዳገቱ አከራዮች እሁድ እሁድ ይሰበሰባሉ። ቆርቆሮ የት እንደሚረክስ፣ የትኛው ግንበኛ ቃሉን እንደሚያከብር ይነጋገራሉ፤ ጀማሪ ሲመጣም ተራ ገብተው በጉልበት ይረዱታል። ማፓሴካ ጉዳይዋን ከነገረቻቸው በኋላ አንድ ነገር ከንክኗት ጠየቀች።

«ግን እሜ፣ ነገ ተከራይ ብቀማሽስ?»

«ቀሚኝ» አለች ማሊፑዎ። «ዳገቱ ላይ ብቻዬን በነበርኩ ጊዜ የሚጎበኘኝ ሌባ ብቻ ነበር። ሦስት ስንሆን መብራት ገባልን። አራት ስንሆን ታክሲው እዚህ ድረስ መውጣት ጀመረ። አንቺ ካልተጨመርሽ ውሃውን ማን ያመጣልናል?»

ገንዘብ አልሰጧትም። የብሎኬት ቅርጽ ማውጫውን ብረት አዋሷት፤ ከአሸዋቸው ላይ አሸዋ፣ ከጉልበታቸው ላይ ጉልበት ቆርሰው ሰጧት። ሲሚንቶውን ከደመወዟ ላይ እየቆጠበች የምትገዛው ራሷ ነች። አንድ ሕግ ግን አላቸው፤ መጀመሪያ የሚሠራው ሽንት ቤት ነው። ማፓሴካ ጊዜዬ እያለቀ ነው ብላ ተከራከረች። ከአከራዮቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ንታቴ ሴባታ ግን ንቅንቅ አላሉም። ክፍልሽ ጠባብ ቢሆን ሰው ይታገሥሻል፣ እዚያኛው ላይ ግን የሚታገሥ የለም አሏት።

እናም በብርዱ ወራት፣ እንደ አገሩ ልማድ ብርድ ልብሷን እንደደረበች፣ ከፈረቃ መልስ ጉድጓድ ስታስቆፍርና ስትቆፍር ሰነበተች። ሲያልቅ ኮአባኔ ሊያይ መጣ። ባዶው ቦታ መሐል ያቺን አንዲት ጠባብ ቤት አይቶ ሳቀ።

«ወንድሜ የለፋው ለዚህ ነው? ሹሟ ስትመጣ የምታስገቢያት እዚህ ውስጥ ነው?»

«ከቸኮለችማ ክፍት ነው» አለችው።

አመሻሹ ላይ ግን ፍርሃቱ ያዛት። አራት ክፍል እሠራለሁ ብላ ለመንደሩ ሁሉ ተናግራለች። ብሎኬቱን ሠርታ አራቱንም እኩል አስጀመረች፤ የነፋሱ ወር ሲገባ አራቱም ከጉልበት አላለፉም። ሲሚንቶም ጉልበትም እያለቀ ነው። ንታቴ ሴባታ ግንቡን አንዴ ዞሩትና ሁለቱን ተያቸው አሏት። ሁለት ክፍል ጣሪያ ካገኘ ሌላውን ሁለት ያሠራል፤ ጣሪያ የሌለው አራት ግን ለማንም አይሆንም። ማፓሴካ ነገ ይታያል ብላ ወደ ቤቷ ወረደች። ሰው ምን ይለኛል ብላ ነው እንጂ ስሌቱ ጠፍቷት አልነበረም።

ቤቷ ገብታ ጸለየች። ምን እንዳለች ለማንም አልተናገረችም። ሲነጋጋ ወደ ቦታዋ ወጣች፤ የኋለኞቹን ሁለት ክፍሎች ግንብ በእጇ እያፈረሰች ብሎኬቱን ወደ ፊተኞቹ መሸከም ጀመረች። ማሊፑዎ ከአጥሯ ማዶ አይታት ጫማዋን ቀይራ መጣችና ከጎኗ ሆና ተሸከመች።

ፋብሪካው በበዓል በተዘጋበት ቀን ደቦ ወጣ። ማፓሴካ የበቆሎ ገንፎና ጎመን፣ የዝንጅብል መጠጥም አቀረበች። ሴቶቹ ቆርቆሮ አቀበሉ፣ ሴባታ ጣሪያው ላይ ሆነው ምስማር መቱ፤ ነፋስ እንዳይገነጥለው ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ተጫነ። አንዷ አከራይ ከታች ሆና፣ ንታቴ እርስዎንም ድንጋይ እንጫንብዎት ወይ ስትላቸው ደቦው በሳቅ ፈረሰ።

በሳምንቱ ፑሌንግ የምትባል ከተራራው አገር የመጣች የፋብሪካ ሠራተኛ ክፍል ፍለጋ መጣች። መጀመሪያ የከፈተችው የሽንት ቤቱን በር ነው። ደህና ነው በሚል ራሷን ነቀነቀችና ክፍሉን ለማየት ዞረች። በዚያው ቀን ዕቃዋን አስገባች።

ሹሟ በቀጠሮዋ ስትመጣ ኮአባኔ ከኋላዋ ነበር። አራት ብላ የጀመረችውን ሁለት አደረገችው፣ ይሄ ግማሽ ቤት እንጂ ቤት አይባልም እያለ እስከ በሩ ድረስ አወራ። ፑሌንግ ድስት ይዛ ብቅ አለች።

«አንቺ የማን ነሽ?» አለቻት ሹሟ።

«የዚህ ቤት ነኝ» አለች ልጅቱ።

ሹሟ ወደ ኮአባኔ ዞረች። «ሰው ራቱን የሚያበስልበትን ቦታ ባዶ ነው ብዬ ልሰጥህ አልችልም።»

ይህን ማፓሴካ ያጫወተችኝ የሁለተኛው ክፍል ተከራይም ገብታ፣ ሦስተኛው ክፍል እንደገና ከመሠረቱ መነሳት በጀመረበት ሰሞን ነው። እኔም በመንደሯ ብዙ ዘመን የኖርኩ ነኝና ብዙውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ልነሳ ስል እጄን ያዘችኝ።

«አንተና ኮአባኔ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትሄዱት አይደል? ከዚያን ቀን ወዲህ በዚህ በር አያልፍም፤ ዞሮ ነው የሚሄደው። እሁድ ስታገኘው ሦስተኛው ክፍል ልስን ይፈልጋል በልልኝ። እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የእጁን ዋጋ እከፍለዋለሁ። ከእሱ የተሻለ ለሳኝ እንደሌለም ንገረው፣ እውነት ነውና። ግን አደራህን፣ አትለማመጥልኝ።»