ዱዓ የተደረገላት የልብ ወለድ ሴት

ዛሬ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው፣ መጽሐፍ ውስጥ ላለች ሴት ዱዓ አደረገላት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ «አሚን!» አለ።

ከወግዲ ወደ መካነ ሰላም ስንመጣ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማም የለ። እስኪመጣልን ብዬ ለዚህ ገጽ የምገመግመውን የፍቅርና የግድያ ልብ ወለድ አወጣሁ።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሼህ «ልጄ፣ ብቻሽን አትብይው፤ ለኛም አሰሚን» አሉኝ። ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ሚስቲቱ «ባሌ ሊገድለኝ ነው» ብላ ትራስ ስር ቢላዋ ስትደብቅ ሼሁ አስቆሙኝ።

«ቆይ እስቲ፣ አገሩ ሽማግሌ የለውም?»

«መጽሐፉ ውስጥስ የለም፣ አባባ።»

«ታዲያ ደራሲው ምን ሲሠራ ነበር?»

ይኸው ስንት ዓመት መጽሐፍ ስገመግም እንዲህ ያለ ሂስ ጽፌ አላውቅም!

ጎማው መጥቶ ተገጠመ። ሹፌሩ ግን «የሷን ነገር ሳላውቅ አልነዳም» ብሎ ድርቅ አለ። የተንቀሳቀስነው ሼሁ ዱዓ ካደረጉላት በኋላ ነው። ስንወርድም መጨረሻዋን ሊጠይቁኝ ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉኝ።

ቤት ገብቼ ጨረስኩት። ሴትዮዋ ሞተች።

አሁን ሼሁ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ዱዓችን ደረሰላት?»

መጨረሻ ላይ ሁሉንም ድረው የሚገላገሉ ደራሲዎችን እዚህ ስንቴ እንደሰደብኩ ታውቃላችሁ።

«አልሐምዱሊላህ! ባልየው ታሰረ፤ እሷም ደግ ሰው አግብታ ወለደች» አልኳቸው።

«ወንድ ነው ሴት?»

«መንታ።»

እስቲ እናንተም ተናዘዙ፤ ለማን ብላችሁ ነው የመጽሐፍ መጨረሻ የቀየራችሁት?